በግል መስኮት ማጽዳት የዕድሜ ልክ ሙያ ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደቡብ ለንደን ውስጥ በግሌ መስኮት ማጽዳት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ዕቁብ በምንጥልበት እሑድ፣ ወጣቶች ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ቡናዬ እየቀዘቀዘ መልሱን ከምደጋግም አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የምናገረው ስለ ብሪታንያ ነው፤ ሕጉም፣ ገንዘቡም፣ ውሃውም የዚህ አገር ነው። የጠቀስኳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ቃል ይመልሱልን፤ ዕድሜ ልክ የሚያረካ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

ነው። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ዝም ብሎ ከዓመት ዓመት በመቀጠልም አይመጣም። ለመጀመር ይህን ያህል ቀላል፣ ለመቆየት ደግሞ ይህን ያህል አስቸጋሪ የሆነ ሥራ ብዙ አላየሁም። ከእኔ ጋር ከጀመሩት አብዛኞቹ ሁለተኛውን የብርድ ወራት ሳይጨርሱ ትተውታል። ያንን ያለፉት ግን ዛሬ ሌላ ሥራ ቢሰጣቸው አይወስዱም። ጉልበት አይመስለኝም የለያቸው። የቆዩት አንድ ሰፈር የራሳቸው አድርገዋል። ምን ማለቴ እንደሆነ ከታች እናገራለሁ።

መስታወት መወልወል ምኑ ያረካል?

መጀመሪያ ነገር፣ ሥራው ሲያልቅ ማለቁ ይታያል። ቢሮ የሚሠራ ባልንጀራ አለኝ፤ ማታ ሚስቱ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ስትለው መልስ ፍለጋ ጣራ ጣራ ያያል። እኔ መኪናዬን ከማስነሣቴ በፊት ዞር ብዬ መንገዱን አያለሁ። የሠራሁት ያበራል፣ ያልሠራሁት ደብዝዟል።

ከዚያ የእጅ ጥበቡ አለ። ሥራውን ያስተማረኝ አንድ የጃማይካ ሽማግሌ ነበር። ለሦስት ቀን ስኩዊጂውን አላስነካኝም፤ ባልዲ አስይዞ «ስማ» ብቻ ነበር የሚለኝ። ስኩዊጂ ያ ቀጭን ጎማ የተገጠመለት፣ ውሃውን ከመስታወት ላይ የሚጠርገው መሣሪያ ነው። ሽማግሌው እንድሰማ የፈለገው የጎማውን ድምፅ ነበር። ባልዲው ውስጥ የገባው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ልክ ከሆነ ጎማው ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። ቢጮህ ሳሙናው አንሷል፤ ከኋላው አረፋ ቢተው በዝቷል። ፀጉር የምታህል መስመር ትቶ ካለፈ የጎማው ጠርዝ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ አውጥቶ መገልበጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ አንጓን እያዟዟሩ፣ ውሃውን ከፊት እየነዱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ መውረድ ይመጣል። ማዕዘኑ ላይ የምትቀረዋን ጠብታ በጨርቅ ጫፍ፣ በአንድ ጣት፣ ሳይጫኑ ማንሣት አለ። ይህን ሁሉ ሳላስብ ለመሥራት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው እንግሊዛዊ ቴሪ በሮውስ ሦስት የቢሮ መስታወቶችን ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አጽድቷል፤ እኔ አንዱንም በዚያ ጊዜ አልጨርስም፣ ደንበኞቼም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሌላው የራስ ጊዜ ነው። የእኛ ገና በዚህ አገር ተራ የሥራ ቀን ነው። ተቀጥሬ ስሠራ በየዓመቱ «ገና እኮ ባለፈው ወር አለፈ» ለሚለኝ አለቃዬ ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። አሁን ታኅሣሥ 29ን፣ ጥምቀትን፣ መስቀልን ዓመቱ ሲጀምር ቀን መቁጠሪያዬ ላይ እሰርዛቸዋለሁ። የሚጠይቀኝ የለም። የሚከፍለኝም የለም፤ እሱን አትርሱ።

«ራውንድ» የሚሉት ምንድን ነው?

ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ራውንድ ማለት በየአራት ወይም በየስምንት ሳምንቱ እየተመላለሳችሁ የምታጸዷቸው ቤቶች ስብስብ ነው። አንድ ጊዜ ተጠርቶ አጽድቶ የሚሄድ ሰው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ራውንድ ያለው ሰው ግን ርስት እንዳለው ገበሬ ነው፣ ማሳው ተመልሶ ይበቅልለታል።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ያገኘሁት በር በማንኳኳት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰዎች ከሥራ ገብተው እራት ሳይቀርቡ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንኳኳሁ። አብዛኛው ሰው በትሕትና እምቢ ይላል፤ እንግሊዞች እምቢታን የሚያሳምሩበት መንገድ አላቸው። ነገሩን የለወጠው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «የጎረቤትዎን፣ የቁጥር 14ን መስኮት የማጸዳው እኔ ነኝ።» አንድ ጎረቤት ከተገኘ ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ከአምስት በኋላ መንገዱ ራሱ ይጠራችኋል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ቤት በቁጥር ሲያበዙ ነው። ጎን ለጎን የተደረደሩ አሥር ቤቶች በአምስት ሰፈር ከተበተኑ ሃያ ቤቶች ይሻላሉ። ለንደን ውስጥ ቀኑን የሚበላው መስኮት ሳይሆን መንገድና የመኪና ማቆሚያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወዲያ ማዶ ያሉ ደንበኞችን «እንዴት እምቢ እላለሁ» እያልኩ ይዤ ነበር፤ ኋላ አንድ በአንድ ለሌላ ሰው ሰጠኋቸው፣ ገቢዬም ጨመረ።

አንድ ሰፈር የራሳቸው አድርገዋል ያልኩት ይህንን ነው። የማጸዳበት አንድ መንገድ አለ፤ በሁለቱም በኩል ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጀምሮ የቆሙ የተያያዙ ቤቶች፣ ወደ ውጭ ያበጠ የሳሎን መስኮት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ክፈፍ ያላቸው። ቁጥር 31 የምትኖር ሕፃን ነበረች። ብሩሼ ከውጭ በሄደበት ሁሉ መዳፏን ከውስጥ እየለጠፈች ትከተለኝ ነበር፤ እኔ ያጸዳሁትን እሷ ከውስጥ ታጨቀየዋለች። ባለፈው መጋቢት የመጀመሪያ ቤቷን ተከራየች፤ ስልክ ደውላ «መስኮት አለው» አለችኝ። ቤቱ ከራውንዴ ውጭ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ምክር ጥሼ እሄዳለሁ።

ዲግሪ ይዤ የሰው መስኮት ላጥብ? ቤተሰብ ምን ይላል?

እኔ ደሴ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። እናቴ ለሰባት ዓመት ለጎረቤቶቿ «ልጄ ለንደን የራሱ ንግድ አለው» ስትል ኖረች፤ ሐሰትም አልነበረም። ቪዲዮ እየተደዋወልን ከመሰላል ሥር ያየችኝ ቀን «ይሄ ነው እንዴ?» አለች፤ ከዚያ ቀጥላ የሠራተኛ ጓንት እንዳደርግ መከረችኝ። በዚሁ አለፈ።

ችግሩ ከእናቶቻችን አልተጀመረም። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሠሩት ሥራ ስም አውጥቶ የሰደበ አገር ነው የእኛ፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። እዚህ ያለው ሐሜት የዚያው ትራፊ ነው። ይህ መሣሪያችን ራሱ የስደተኛ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከጣሊያን ተሰዶ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ኤቶሬ ስቴኮኔ የሚባል መስኮት አጽጂ ነው የዛሬውን ቀላል ባለ አንድ ጎማ ስኩዊጂ ሠርቶ በ1930ዎቹ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። ከእሱ በፊት የነበረው ሁለት ጎማ ያለው ከባድ ብረት ነበር፤ ጎማውን ለመቀየር ብሎን ሲፈቱ መዋል ነው።

ይሁንና ሌላውን ወገን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም ፋርማሲስት ከሆናችሁና በዚህ አገር ፈቃዳችሁን ለማደስ የሚያስችል አቅም ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብለው ገብተው በየዓመቱ ራሳቸውን እየወቀሱ አሥር ዓመት የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ። እነሱን መስኮቱ አይደለም ያስመረራቸው፤ ሳይመርጡት መቆየታቸው ነው። እኔ በሦስተኛው ዓመት ቁጭ ብዬ፣ ማስተማሩን እንደማልመለስበት አውቄ፣ ይህን መርጫለሁ። ጀርባዬ የቀለለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ስንት ይገኝበታል?

የእኔን ዓይነት ራውንድ እንውሰድ። በቀን 12 ቤት፣ አንዱ ቤት በአማካይ 18 ፓውንድ፣ ቀኑ 216 ፓውንድ ይሆናል። ዝናብ፣ ሕመም፣ በዓል፣ የመኪና ብልሽትና ወደ አገር ቤት መሄድ ተቀንሶ በዓመት 198 ቀን ተሠራ እንበል፤ 42,768 ፓውንድ ገባ። ከዚህ ላይ መኪና፣ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ስልክና የሒሳብ ባለሙያ 9,000 ፓውንድ ቢወስዱ ትርፉ 33,768 ነው። በ2025/26 የግብር ዓመት የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ላለው 20 በመቶ የገቢ ግብርና 6 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይከፈላል፤ ድምሩ 5,511 ፓውንድ ገደማ ነው። እጃችሁ ላይ የሚቀረው 28,250 አካባቢ ነው። ለንደን ውስጥ ቤተሰብ ይዞ የማያዘልል፣ የማያስርብም ገንዘብ።

ሰው የሚሰበረው ግን በሌላ ነገር ነው። በግል መሥራት ስትጀምሩ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ጥቅምት 5 መመዝገብ፣ እስከ ጥር 31 ማስታወቅና መክፈል አለባችሁ፤ ወሮቹም የፈረንጆች ናቸው። ሒሳቡ ከ1,000 ፓውንድ ሲያልፍ መንግሥት የሚቀጥለውን ዓመት ግማሽ በቅድሚያ አብራችሁ ክፈሉ ይላል፤ ሌላውን ግማሽ በሐምሌ። እናም 5,511 ይዞ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ጥር 8,266 ተጠየቀ። እኔን ማንም አልነገረኝም፤ ከዕቁብ ተራ ለምኜ ነው የወጣሁት። ከእያንዳንዱ ቀን ገቢ ሩቡን በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ፣ አትንኩት። ደግሞ ከሚያዝያ 2027 ጀምሮ ጠቅላላ ገቢው ከ30,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው በየሩብ ዓመቱ በኮምፒውተር ፕሮግራም ማስታወቅ ግዴታው ይሆናል፤ ደረሰኝ በጫማ ካርቶን የማስቀመጥ ዘመን አበቃ።

መሰላል ይሻላል ወይስ ረጅሙ ዘንግ?

ለዕድሜ ልክ ካሰባችሁ ዘንጉ። አትከራከሩኝ።

ዘንጉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ እየተሳበ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ውሃ የሚረጭ ብሩሽ ያለው ነው። መሬት ላይ ቆማችሁ ሦስተኛ ፎቅ ታጸዳላችሁ። ምሥጢሩ ውሃው ውስጥ ነው። የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ በእኔ ቧንቧ በሚወርደው ውሃ ውስጥ መለኪያዋን ስነክር 300 ገደማ ታሳያለች፤ ከአንድ ሚሊዮን የውሃ እጅ ሦስት መቶው የሟሟ ማዕድን ነው ማለት ነው። ያ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነው። ስለዚህ ውሃውን ማታ ማታ ጋራዤ ውስጥ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባል ማጣሪያ አሳልፈዋለሁ፣ የተረፈውን ማዕድን ሬዚን የሚባለው ፍሬ ይለቅመዋል። መለኪያዋ ዜሮ ስትል ተዘጋጅቷል። ምንም ያልያዘ ውሃ ሲደርቅም የሚተወው ነገር የለም፤ መወልወል አያስፈልገውም።

ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ከማጽዳቱ ይከብዳል። አንዲት የሰማንያ ዓመት እመቤት ውሃው እየተንጠባጠበ ጥዬ ልሄድ ስል ደጃፏ ላይ ቆማ «ወጣቱ፣ አልጨረስክም» አለችኝ። «እመቤቴ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመልከቱት» አልኳት። ወንበር አምጥታ ተቀመጠች። ከመንገዱ ማዶ ስሠራ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ መስኮቷን ስትጠብቅ አየኋት። ከዚያ ገባች፣ ምንም አላለችም፤ በሚቀጥለው ወር ግን የእህቷን አድራሻ ሰጠችኝ።

የከፍታ ሥራ ደንብ በ2005 ወጥቷል፤ በግል የሚሠራውንም ይመለከታል። ከፍታ ላይ ሳይወጡ መሥራት ከተቻለ አትውጡ ነው የሚለው። እኔ መሰላሉን የተውኩት ግን ሕጉን አንብቤ አይደለም። እርጥብ የእንጨት ወለል ላይ የመሰላሉ እግር ሲንሸራተት አሸንዳ ይዤ ተንጠልጥዬ፣ ቁልቁል ያለውን የጽጌረዳ እሾህ እያየሁ ስለ ልጆቼ አሰብኩ። በዚያው ወር ዕቁቤ ወጣልኝ፣ ዘንግና ማጣሪያ ገዛሁበት። ስኩዊጂው ግን አልተጣለም። ለሱቅ መስታወትና ለቤት ውስጥ ጎን ዛሬም እሱ ነው።

ዝናብ ሲዘንብስ?

ይሠራል። ዝናብ ንጹሕ መስታወት አያቆሽሽም፤ የሚያቆሽሸው አስቀድሞ የተቀመጠው አቧራ ነው። ደንበኛ ይህን አያምንም፣ ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን ለሰላም ብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ። በረዶ ሌላ ነው፤ ውሃው መተላለፊያው ላይ ይጋገርና ፖስታ አመላላሹን ይጥላል። ከዜሮ በታች ከሆነ ባልዲ አላነሣም።

ሰውነት እስከ ስንት ዓመት ይችለዋል?

አርባ ሰባት ዓመቴ ላይ ቀኝ ትከሻዬ ሸሚዝ መልበስ ከለከለኝ። ሐኪሙ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ሳሳየው እዚያው «ገባኝ» አለ። ስምንት ወር የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ሠራሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው አሠራሬን የቀየርኩት። አሁን በሁለቱም እጅ እሠራለሁ፤ አንዱን ቤት በቀኝ፣ ቀጣዩን በግራ። ዘንጉን በክንድ አልገፋም፣ በጉልበቴ ዝቅ ቀና እያልኩ በሰውነቴ እነዳዋለሁ። ከግድግዳው ራቅ ብዬ ስለምቆም አንገቴ ወደ ኋላ አይታጠፍም። ርካሽ ከባድ ዘንግ ገዝቶ ትከሻ መሸጥ ሞኝነት ነው፤ ከዕቃ ሁሉ የማልሰስትበት እሱ ነው።

ያ የጃማይካ ሽማግሌ እስከ ሰባ አንድ ዓመቱ ሠርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፎቅ ትቶ የምድር ቤት ሱቆችን ብቻ ይዞ፣ ጧት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ዕድሜ ልክ መሥራት የፈለገ ሰው ገና በአርባዎቹ እያለ እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ራውንዱ ውስጥ ማስገባት አለበት። ስድሳ ላይ መጀመር አይቻልም፤ ሱቆቹ በሌላ ሰው ተይዘዋል።

ብታመም ማን ይከፍለኛል? ጡረታስ?

ብትታመሙ ተቀጣሪ የሚያገኘው የሕመም ክፍያ እናንተን አይመለከትም። መዋጮአችሁ ከተሟላ የመንግሥት ድጎማ አለ፣ ግን ቀጭን ነው። ዕድር አስከሬን ያነሣል፣ የተጎዳ ትከሻን አይደጉምም። የሦስት ወር ወጪ በባንክ ማስቀመጥ ወይም የገቢ መድን መግዛት ነው ያለው።

የመንግሥት ጡረታ ሙሉው በ2025/26 በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነው፤ እሱን ለማግኘት የ35 ዓመት መዋጮ፣ ትንሹን ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። እንደ እኔ በ31 ዓመቱ የመጣ ሰው ቁጥሩን ራሱ ያስላ፦ ሙሉውን የሚሞላው 66 ዓመቱ ላይ ነው። የጡረታ ዕድሜው ደግሞ ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ከ66 ወደ 67 እየገፋ ነው። ትርፍ አሳንሶ ማስታወቅ ጉብዝና የሚመስላቸው አሉ፤ ትርፋቸው ከወሰኑ በታች የወረደ እንደሆነ የመዋጮ ዓመቱ ሳይቆጠርላቸው ያልፋል፣ ያንንም የሚያውቁት ሲያረጁ ነው። ቀጣሪ ስለሌላችሁ የግል ጡረታ የሚከፍትላችሁ የለም፤ ራሳችሁ ከከፈታችሁ ግን ለእያንዳንዱ 80 ፓውንድ መንግሥት 20 ይጨምርበታል። እኔ የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ከሁሉም የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ያለፉት ዘጠኝ ዓመታት ናቸው።

ማንም ሰው መጀመር ይችላል?

አይችልም፣ ይህን አስምሩበት። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በግል ሥራ መሥራት ተከልክሏል፣ ለሰዓታት ብቻ ቢሆንም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅም አይችልም፤ ከአንድ ዓመት ጥበቃ በኋላ የሥራ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ ለግል ሥራ አይሆንም። ለጥቂት ፓውንድ ብላችሁ ወረቀታችሁን አታበላሹ። የስደተኝነት ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት መጀመር ይችላል።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለመስኮት አጽጂ የተለየ ፈቃድ አይጠየቅም። ስኮትላንድ ግን በ1982 ሕግ መሠረት በብዙ ቦታ ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ኤድንብራ ያሉ ወገኖች ይህን ሳያውቁ እንዳይጀምሩ። በሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ ሕግ ባያስገድድም ያለ እሱ አንድ ቀን አልሠራም።

አይሰለችም?

ይሰለቻል። ጥር ላይ ጣት ደንዝዞ፣ ሰው ሳያናግሩ እስከ ማታ፣ አምና ያጸዱትን ዘንድሮም ማጽዳት አለ። እኔ መድኃኒቴ ጆሮ ነው፤ የግዕዝ ንባብም፣ የዓለም ታሪክም በጆሮዬ የተማርኩት ግድግዳ ሥር ቆሜ ነው። ቀና ብሎ ማየት የለመደ ሰው ከተማውንም በሌላ ዓይን ያያል። ለንደን ውስጥ በጡብ የተደፈኑ የድሮ መስኮቶች ታያላችሁ፤ አንዳንዶቹ ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል በነበረበት ዘመን የተደፈኑ ናቸው። ሌላው ሰው ታሪክ ብሎ ያልፋቸዋል፤ እኔ የቀረብኝን ገቢ እቆጥራለሁ።

ሰው ካልበዛበት መሥራት የማይችል ሰው ግን ይህን ሥራ አይሞክረው። በተስፋ መቁረጥ ወራት ብቻውን መዋል ያባሰባቸውን አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ቢጀመርስ?

እንደዚህኛው ዓይነት አይመስለኝም። የቤት መስኮት የቤት ሰው ወይም የቤት ሠራተኛ ናት የምታጸዳው፤ በየወሩ ሰው መጥቶ እንዲያጸዳ የሚከፍል ጎረቤት ጎን ለጎን አሥር ማግኘት ይከብዳል። የሚያሠራው የሕንፃ መስታወት ነው። ቦሌና ካዛንቺስ በመስታወት ተሸፍነዋል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻ 209 ሜትር ይረዝማል። ይህ ግን በገመድ መውረድ የሚጠይቅ፣ ሥልጠናና ቡድን የሚፈልግ ሌላ ሙያ ነው። የእኔ ማጣሪያ ደግሞ አንድ ባልዲ ንጹሕ ለማውጣት ሌላ ውሃ ወደ ፍሳሽ ይደፋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ይዞ መቅረብ ያሳፍራል።

እህቴ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ከውጭ እንድታጸዳ ታዘዘች። ምን ትመክራታለህ?

እንዳትወጣ። ይህ እኔ የማወራው ሥራ አይደለም። በቤይሩትና በኩዌት ከፎቅ የወደቁ እህቶቻችን አሉ። ዱባይ ውስጥ 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ኸሊፋ የሚያጸዱት ሰዎች በማሽንና በመታጠቂያ ተይዘው ነው የሚወጡት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወንበር ተደግፋ የምትወጣ ልጅ የያዛት ነገር የለም። ሆንግ ኮንግ ከ2017 ጀምሮ በቤት ሠራተኞች ውል ውስጥ ግልጽ አድርጎ አስገብቶታል፤ መስኮቱ የተቆለፈ ፍርግርግ ከሌለው ከውጭ በኩል ማጽዳት የለም፣ ፍርግርግ ቢኖርም ከክንድ በቀር ሰውነት አይወጣም። ያለችበት አገር እንዲህ ያለ ውል ባይኖረውም መለኪያው እሱ ይሁንላት። ከውስጥ ሆና በእጀታ የምትደርስበትን ታጽዳ፣ የቀረው ይቆሽሽ። ካስገደዷት ትእዛዙን በስልክ መልእክት ይላኩልኝ ትበል፣ ለእናንተም ታስተላልፍ፤ ኤምባሲም ዘመድም ማስረጃ ይዞ ነው የሚናገረው።

ሲበቃኝ ራውንዱ ምን ይሆናል?

ይሸጣል። በዚህ ሙያ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ራውንዱ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲያልቅ ከሚያስገባው ገንዘብ ሦስትና አራት እጥፍ ሲሸጥ አይቻለሁ። የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ለአድራሻ ዝርዝር ስለሆነ ስም፣ ዋጋ፣ የተጸዳበት ቀን፣ የበር ቁልፍ ቁጥር፣ ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ በሥርዓት መጻፍ አለበት። የእኔ አሥር ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሽያጭ ቢመጣ የምሸጠው ነገር አልነበረኝም።

ልጄን ጠየቅኩት፣ አልፈልግም አለ፤ ኮምፒውተር ያጠናል። ባለፈው በጋ አንድ ከጎንደር የመጣ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን አብሮኝ መሥራት ጀምሯል። ሦስት ቀን ስኩዊጂውን አላስነካሁትም። በአራተኛው ቀን የሱቅ መስታወት ላይ አሳለፈው፣ ጎማው ጮኸ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ባልዲው ላይ ሳሙና ጨመረ።